የጨንቻ ዳገት ፈተና፦ ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር በጋሞ ምድር

ከአርባ ምንጭ ወደ ወላይታ ሶዶ ሲጓዙ፣ ከተማውን ለቀው ብዙም ሳይርቁ ወደ ግራ የሚታጠፍ መንገድ አለ። ከአባያ ሐይቅ ዳርቻ ሜዳ ተነስቶ በዶርዜ በኩል ጨንቻ ይወጣል። ከታች ያለው ቆላ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ከላይ ያለው ደጋ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ይህ ሁሉ ዳገት የሚወጣው በ22 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ ነው። ከታች ሙዝና ማንጎ ይበቅላል፤ ከላይ እንሰት፣ ገብስና አፕል። ከታች ወበቅ ነው፤ ከላይ ጉምና ጭቃ።

እንዲህ ያለውን አገር ለመውጣት ተብለው ከተሠሩ መኪኖች መካከል በኢትዮጵያ የሁለቱን ያህል ስም ያተረፈ የለም፤ የእንግሊዙ ላንድሮቨርና የጃፓኑ ላንድክሩዘር። የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር በጋራዥ፣ በነዳጅ ማደያና በሾፌሮች ጨዋታ መካከል ዛሬም አልበረደም። ብዙ ጊዜ ግን ክርክሩ በስሜት ይጀመርና በስሜት ያልቃል። ሁለቱን መኪኖች በትክክል ለመመዘን የመንገዱንና የመኪኖቹን ታሪክ ከመነሻው መከተል፣ ቁጥሮቹንም ከዳገቱ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

መንገድ ሳይኖር

አገራችን ከመኪና ጋር የተዋወቀችው ሁለት መኪኖችን በማነጻጸር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1900 ዓ.ም. ቢድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተሰኘች መኪና ይዞ፣ ከባሕር ዳርቻ በረሃውን አቋርጦ አዲስ አበባ በመግባት ለዳግማዊ ምኒልክ አቀረበ። ብዙም ሳይቆይ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትዝ የአገሩን መኪና ይዞ ተከተለው። ንጉሠ ነገሥቱና መኳንንቱ ሁለቱንም አዩ። ሆኖም መኪና መጣ ማለት መንገድ መጣ ማለት አልነበረም። የደቡብ ደጋዎች ከዚያ በኋላም ለብዙ አሥርት ዓመታት የበቅሎና የእግረኛ አገር ሆነው ቆዩ።

ጨንቻ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረችው በዚያ ዘመን ነው። አስተዳደሩ ደጋ ላይ መቀመጡ ምክንያት ነበረው። ቆላው የወባ አገር ነበር። የጋሞ ሕዝብ በተራራው ላይ ተጠጋግቶ ሲኖር፣ የአባያና የጫሞ ዳርቻ ለም መሬት ደግሞ በወባ ምክንያት የሚፈራ ነበር።

ሁኔታው የተለወጠው በሁለት አቅጣጫ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ በዓለም ባንክ ብድር የአገሪቱን መንገዶች መጠገንና መዘርጋት ጀመረ። በ1951 ዓ.ም. ደግሞ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተመሠረተ። ቆላው ቀስ በቀስ ለሰው የሚሆን ሲመስል፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ በደጃዝማች አእምሮ ሥላሴ አበበ አስተዳዳሪነት የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ከጨንቻ ወርዶ አርባ ምንጭ ላይ ተመሠረተ። ሴቻ ከላይ፣ ሲቀላ ከታች ሆነው ከተማዋ በሁለት ሰፈር አደገች።

እዚህ ላይ ነው መኪናው ግድ የሆነው። መሥሪያ ቤቱ ቆላ ወረደ፤ ሕዝቡ ግን ደጋ ላይ ነው። ዳኛው፣ ጤና ረዳቱ፣ መምህሩ፣ ፖሊሱና ሚሲዮናዊው ያንን ዳገት መውጣትና መውረድ ሊኖርባቸው ነው። የዶርዜ ሸማኔ ሸማውን፣ የጨንቻ ገበሬ ገብሱን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ደህና አስፋልት ላይ ብቻ የሚሄድ የቤት መኪና ለዚህ አይሆንም።

ሁለት ልደቶች

ላንድሮቨር የተወለደው ከእጦት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዙ ሮቨር ኩባንያ የቴክኒክ ኃላፊ ሞሪስ ዊልክስ በአንግልሲ ደሴት ባለው እርሻው ላይ ከጦርነት የተረፈ የአሜሪካ ጂፕ ይነዳ ነበር። ጂፑ ሲያረጅ በምን እንደሚተካው አሰበ፤ መልሱንም ራሱ ሠራው። መኪናው ሚያዝያ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ለዓለም ታየ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ብረት በኮታ ስለሚታደል አካሉ በአሉሚኒየም ተሠራ። ለችግር መውጫ የተወሰደ እርምጃ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን የመኪናው ትልቁ ጸጋ ሆነ፤ የላንድሮቨር አካል አይዝግምና።

ላንድክሩዘር የተወለደው ደግሞ ከፈተና ነው። ቶዮታ "ቢጄ" የተባለውን መኪና የሠራው በኮሪያ ጦርነት ወቅት ነበር። በሐምሌ 1943 ዓ.ም. የኩባንያው ሾፌር ኢቺሮ ታይራ መኪናውን ይዞ የፉጂን ተራራ እስከ 6ኛው ማረፊያ ድረስ ወጣ። ከዚያ በፊት በመኪና እዚያ የደረሰ አልነበረም። ያንን የተመለከተው የጃፓን ፖሊስ 289 መኪኖች አዘዘ። ላንድክሩዘር የሚለው ስም የወጣለት ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። እንግዲህ የእኛ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በተቋቋመበት በዚያው በ1943 ዓ.ም. ነበር የጃፓኑ መኪና ዳገት መውጣት መቻሉን ያስመሰከረው።

ሁለቱም ከዚያ በኋላ በመልክም በጉልበትም ጎለመሱ። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1958 "ሲሪስ ሁለት" የተባለውን፣ ብዙዎቻችን ላንድሮቨር ሲባል በዓይነ ኅሊናችን የምናየውን ቅርጽ ይዞ ወጣ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1960 ባለ 40 ተከታታይ ላንድክሩዘርን አወጣ፤ ይህም እስከ 1984 ድረስ ተመረተ። አርባ ምንጭ ስትቆረቆር ሁለቱም መኪኖች ገበያ ላይ ነበሩ።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ሁለቱን አጫጭር የቤንዚን መኪኖች ጎን ለጎን እናቁማቸው። ላንድሮቨሩ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 2.25 ሊትር ሞተር አለው። ጉልበቱ 77 የፈረስ ጉልበት፣ ቶርኩ ማለትም የመጠምዘዝ ኃይሉ 168 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ክብደቱ ወደ 1,340 ኪሎ ይጠጋል። ላንድክሩዘሩ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 3.9 ሊትር ሞተር ይዟል። ጉልበቱ 125 የፈረስ ጉልበት፣ ቶርኩ 283 ኒውተን ሜትር ነው። ክብደቱ 1,500 ኪሎ ገደማ ይሆናል።

በወረቀት ላይ ከሆነ ክርክሩ እዚህ ላይ አለቀ። የጃፓኑ ሞተር በሁሉም ነገር ይበልጣል። የሶዶን ሜዳ መንገድ ይዞ ሲፈተለክ 130 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሊደርስ ይችላል፤ ላንድሮቨሩ ግን ከ100 ብዙም አያልፍም፤ ከ80 በላይ ሲነዳ ጋቢናው ውስጥ መደማመጥም ያስቸግራል።

የጨንቻ ዳገት ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው። ከነጭነቱ 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,500 ሜትር ከፍታ በአንድ ሰዓት ቢወጣ፣ ከፍታውን ለመውጣት ብቻ የሚያስፈልገው አማካይ ጉልበት 11 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። የጎማና የጭቃ ግጭት ይህን እጅግ ከፍ ያደርገዋል፤ ቢሆንም ሁለቱም መኪኖች ከሚፈለገው በላይ ጉልበት አላቸው። ከፍታው ራሱ የሚቀማውም አለ። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። ጨንቻ ሲደርሱ የላንድሮቨሩ 77 የፈረስ ጉልበት ወደ 56፣ የላንድክሩዘሩ 125 ደግሞ ወደ 91 ዝቅ ይላል። የቀረው አሁንም ይበቃል።

ወሳኙ ነገር ካምቢዮው ውስጥ ነው። ላንድሮቨሩ ከባዱ ማርሽ ገብቶለት በአንደኛ ሲሄድ፣ ሞተሩ 40 ጊዜ ያህል ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል። የመጀመሪያዎቹ ባለ ሦስት ማርሽ ላንድክሩዘሮች በተመሳሳይ ማርሽ ሞተሩ 24 ጊዜ ገደማ ዞሮ ነው ጎማው አንዴ የሚዞረው። አሁን የሞተሩን ቶርክ በዚህ እናባዛው። ላንድሮቨሩ ጎማው ላይ የሚያደርሰው 6,800 ኒውተን ሜትር ገደማ፣ ላንድክሩዘሩ 6,700 ገደማ ይሆናል። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል! እንግሊዞቹ ትንሽ ሞተር በብዙ ማርሽ አገዙት፤ ጃፓኖቹ ትልቅ ሞተር ሠርተው ማርሹን ቀለል አደረጉት። ሁለቱም ዳገቱ ጫፍ ላይ ይገናኛሉ።

ልዩነቱ የሚታየው ቁልቁለት ላይ ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ነጭ ሳር ሲኬድ፣ የኩልፎን ጫካ ካለፉ በኋላ በአባያና በጫሞ መካከል ያለው የእግዜር ድልድይ ይመጣል። መንገዱ ጥቁር ድንጋይ የተደራረበበት፣ ጎማ ሙሉ በሙሉ መሬት የሚነካበት ቦታ የማይገኝለት ነው። እዚያ ላይ የላንድሮቨር ሾፌር ቀዩን ዘንግ ወደ ኋላ ይስብና ከባዱን ማርሽ ያስገባል። እግሩን ከፍሬኑም ከፍሪሲዮኑም ያነሳል። ሞተሩ በዝግታ እያጉረመረመ መኪናውን ይይዘዋል፤ ጎማዎቹ ድንጋዩን አንድ በአንድ እየረገጡ በደቂቃ 60 ሜትር ያህል ይወርዳሉ። ይህ ሰው በእግሩ ከሚሄድበት ፍጥነት ያነሰ ነው። ባለ ሦስት ማርሹ ላንድክሩዘር በዚያው የሞተር ዙር በደቂቃ ወደ 100 ሜትር ይጠጋል፤ ስለዚህ ሾፌሩ ፍሬን መያዝ ግድ ይሆንበታል። የዚያ ዘመን ፍሬን ደግሞ በሁለቱም መኪኖች የከበሮ ፍሬን ነው፤ ሲሞቅ ይደክማል። ቁልቁለት ላይ እንግሊዙ ብልጫ ነበረው።

የሚሰበረውና የማይሰበረው

መኪና ግን የሚፈረድበት በሚሄድበት ቀን ብቻ አይደለም፤ በሚቆምበትም ቀን ነው። ላንድሮቨር የታወቀ ድካም ነበረው። ከኋላው ዲፍረንሻል ጉልበት ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ ቀጭን ስለነበር፣ ጭነት በዝቶበት ጎማው ድንጋይ መሃል ሲቀረቀር ይሰበር ነበር። የሚገርመው ግን መሐንዲሶቹ ያሰቡበት መሆኑ ነው። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ዘንጉ ሳይሆን በላዩ ያለው የብረት ቱቦ ነው። ስለዚህ ዘንጉ ሲሰበር ጎማው አይወልቅም። ሾፌሩ የጎማው እምብርት ላይ ያሉትን ስድስት ብሎኖች ይፈታል፣ የተሰበረውን ይስባል፣ የፊቱን ጎማዎች ያስገባና በፊት ጎማ ብቻ እየተጎተተ ቤቱ ይገባል። መኪናው እንኳ ሳይደገፍ፣ ክሪክ ሳያስፈልግ የሚሠራ ሥራ ነው።

የላንድክሩዘሩ ዘንግ ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ ለመስበር ብዙ ይጠይቃል። ነገር ግን በአብዛኞቹ አጫጭር ባለ 40ዎች ላይ የኋላ ጎማው የታሰረው ከራሱ ከዘንጉ ጋር ነው። ከተሰበረ ጎማው ይዞት ሊወጣ ይችላል። የአንዱ ፍልስፍና "ቢሰበርም ትመለሳለህ" ሲሆን የሌላው "አይሰበርም" ነው። ሁለቱም የተከበረ ሐሳብ ነው። ይሁንና በወር ብዙ ቀን ጭነት ይዞ ዳገት ለሚወጣ ሰው፣ የሁለተኛው ሐሳብ ጥቅሙ እየጎላ መጣ። የማይሰበር ነገር መለዋወጫ አይፈልግምና።

አካላቸውም እንዲሁ ይለያያል። የላንድሮቨሩ አሉሚኒየም የሐይቁን ዳርቻ እርጥበት ሳይዝግ ይችለዋል፤ ከግንድ ጋር ሲጋጭ በመዶሻ ይስተካከላል። ሲቀደድ ግን ባትላሜራው ይቸገራል፤ አሉሚኒየም እንደ ብረት በማንኛውም ብየዳ አይያዝምና። የላንድክሩዘሩ አካል ብረት ነው፤ ይዝጋል። ነገር ግን የትም ትንሽ ከተማ ያለ በያጅ ሊደፍነው ይችላል። ሁለቱም ባሌስትራ ላይ የተቀመጡ በመሆናቸው ተሳፋሪን በማንገጫገጭ አይተናነሱም።

ከነጭ ሳር እስከ ዲዝል ዘመን

በ1966 ዓ.ም. የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ተመሠረተ። 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ይህ ስፍራ የሜዳ አህያ መጠለያ ነው። ፓርኩን ለመጠበቅም ለመጎብኘትም ያንን የእግዜር ድልድይ የድንጋይ መንገድ የሚያልፍ ባለ አራት ጎማ መንጃ መኪና ግድ ነው።

በዚያው ጊዜ በዓለም ላይ ሁለት ነገሮች ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ነካ። ቶዮታም በዓመቱ በባለ 40ው ላይ 3.0 ሊትር የዲዝል ሞተር ገጠመ፤ 80 የፈረስ ጉልበትና 191 ኒውተን ሜትር ቶርክ ነበረው። የላንድሮቨር 2.25 ሊትር ዲዝል ግን 62 የፈረስ ጉልበትና 140 ኒውተን ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። በቤንዚኖቹ ዘመን ማርሽ ያስተካከለው ሚዛን በዲዝል ዘመን አዘነበለ። ሁለተኛው ነገር ሮቨር የገባበት የብሪቲሽ ሌይላንድ ኩባንያ መክሰሩ ነው። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ባንኮችንና ፋብሪካዎችን ሲወርስ፣ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ መንግሥትም ሌይላንድን ከውድቀት ለማዳን የራሱ አደረገው። ለአዲስ ሞተርና ለጥራት የሚውል ገንዘብ ጠፋ። ቶዮታ ግን በየጊዜው የታየውን ድካም እያረመ፣ አራተኛ ማርሽና የፊት ዲስክ ፍሬን እየጨመረ፣ መለዋወጫም በየአገሩ እያደራጀ ሄደ። በአውስትራሊያም ሆነ በአፍሪካ ውጤቱ አንድ ነበር፤ ላንድሮቨር የከፈተውን መንገድ ላንድክሩዘር ወረሰው።

በእኛም አገር ሚዛኑ በግልጽ ያዘነበለው በ1977ቱ ድርቅ ጊዜና ከዚያ በኋላ ነው። የእርዳታ ድርጅቶች ነጫጭ ላንድክሩዘሮች በየገጠሩ ይታዩ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1984 ባለ 70 ተከታታይ ባለ 40ን ተካ። በ1990 ደግሞ 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር የዲዝል ሞተር ተገጠመለት። ያለ ቱርቦና ያለ ኮምፒውተር የሚሠራው ይህ ሞተር 285 ኒውተን ሜትር ቶርክ ነበረው። ሕዝባችን ሃርድቶፕ የሚለው መኪና ይኸው ነው። የመሥሪያ ቤት ሾፌሮች ስለ ጥንካሬው ሲናገሩ ዛሬም ፊታቸው ይበራል።

በዚያው እ.ኤ.አ. በ1990 ነጭ ሳር ውስጥ አንድ ልብ የሚነካ ነገር ተገኘ። ከካምብሪጅ የመጡ ተመራማሪዎች በፓርኩ የመኪና መንገድ ላይ ተጨፍልቃ የሞተች ወፍ አገኙ። ለማንሳት የተቻለው አንድ ክንፏን ብቻ ነበር። ክንፉ ሲመረመር እስከዚያ በሳይንስ የማትታወቅ ዝርያ ሆና ተገኘች፤ በ1995 የነጭ ሳርን ስም የያዘ መጠሪያ ወጣላት። ያቺን ወፍ የገጨው የትኛው መኪና እንደሆነ ምንም ለውጥ የለውም። በነጭ ሳር መንገድ ላይ የምንነዳ ሁሉ ግን ዝግ ብሎ የሚሄድ መኪና ከሚፈጥነው የተሻለ የሚሆንበት ቦታ እንዳለ ከዚህ ልንማር ይገባል።

ላንድሮቨሮቹስ? አልጠፉም። መሥሪያ ቤቶች ሲያስወግዷቸው ግለሰቦች ገዟቸው። ረጃጅሞቹ በብዙ የኢትዮጵያ ገጠር፣ አውቶቡስ በማይደፍረው መንገድ ሕዝብ ማመላለሻ ሆኑ። ሰው ከውስጥ ታጭቆ፣ እህሉ ፖርቶመጋላ ላይ ተጭኖ፣ ፋብሪካው ያላሰበውን ሸክም ለዓመታት ተሸከሙ። ከአንዱ ካምቢዮ፣ ከሌላው ዲፍረንሻል እየተወሰደ ሁለት የሞቱ መኪኖች አንድ ሕያው ይወጣቸው ነበር። ይህን ያደረጉት መካኒኮች የተማሩት ከመጽሐፍ ሳይሆን በእጃቸው ነው፤ ለእነሱ ያለኝ አክብሮት ለመኪኖቹ ካለኝ ይበልጣል።

እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ከመጀመሪያው ላንድሮቨር በቀጥታ የወረደው ዲፌንደር መመረቱ ቆመ። ባለ 70 ላንድክሩዘር ግን አሁንም ይመረታል።

ፍርዱ

እንግዲህ የትኛው ይበልጣል? በቤንዚኖቹ ዘመን ዳገት ላይ እኩል ነበሩ፤ ቁልቁለት ላይ ላንድሮቨር፣ ሜዳ ላይ ላንድክሩዘር ይበልጥ ነበር። በዲዝሉ ዘመን ግን ላንድክሩዘር አሸነፈ። ያሸነፈውም በፈረስ ጉልበት ብዛት ሳይሆን ሦስት ነገሮችን በማሟላቱ ነው፤ ዘንጉ አይሰበርም፣ መለዋወጫው ይገኛል፣ ሠሪው ስህተቱን ያርማል። ላንድሮቨር የተሸነፈው በጋሞ ድንጋይ አይደለም፤ በገዛ አገሩ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ይህን ሳያዩ "የእንግሊዝ መኪና ደካማ ነው" ማለት በደል ይሆናል።

ይህ ፍርድ የታሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ቀጣዩ ወደ ጨንቻ የሚወጣ መኪና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሊሆን ነው። ይህ መኪና ብዙ ጸጋ አለው። አየር መሳሳቱ ሞተሩን አያደክመውም። ቶርኩን ከመነሻው ይሰጣል። ቁልቁለት ሲወርድም ፍሬን ከማጋል ይልቅ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ላንድሮቨር በማርሽ፣ ላንድክሩዘር በትልቅ ሞተር የፈቱትን ጥያቄ እሱ በሦስተኛ መንገድ ይፈታዋል። ሁለቱ አንጋፋዎች የተለያዩበት ጥያቄ ግን እሱንም ይጠብቀዋል። ዝናብ በመታው የቦንኬ ወይም የቀምባ ወረዳ መንገድ ላይ ቢቆም ሲቀላ ውስጥ የሚጠግነው ሰው አለ ወይ? መለዋወጫው በስንት ቀን ይደርሳል? ገዢው፣ አስመጪውና መንግሥት ዋጋና የባትሪ መጠን ከመጠየቃቸው በፊት ይህን ይጠይቁ። የአርባ ምንጭ የሙያ ማሠልጠኛዎች ለወጣቶቻቸው ይህን ጥገና ከአሁኑ ያስተምሩ። በየግቢው የቆሙት አሮጌ ላንድሮቨሮችና ባለ 40ዎችም ለቁራሌ ከመሸጣቸው በፊት ቢያንስ ከየዓይነታቸው አንድ አንድ ተጠግነው፣ ታሪካቸው ተጽፎ፣ ለሚማሩት ልጆች መለማመጃ ይሁኑ። የአገራችንን ዳገት የሚያውቅ መኪና መምረጥ የምንችለው፣ ዳገቱን አስቀድመው የወጡትን በሚገባ ስናውቃቸው ነው።